«አነዳድዎ ነው» የተባሉት እትዬና የሚንቀጠቀጠው መሪ

ይህ ጋዜጣ የአገር ጉዳይ የሚነገርበት ስለሆነ ስለ መኪና ፍሬን ልጽፍ ነው ስል አንዳንዱ አንባቢ «ይኼን ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። ይበል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመን የምናወራውን የሰማ ሰው ግን ከአገር ቤት ወሬ ቀጥሎ ሁለተኛው ርእሳችን መኪና መሆኑን ያውቃል። አብዛኞቻችን የምንነዳው አሮጌ መኪና ነው። ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ለእናት መድኃኒት፣ ለወንድም ትምህርት፣ ለዘመድ ሐዘን የሚላከው ሁሉ የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነውና አዲስ መኪና ሁልጊዜ ለከርሞ ትቀጠራለች።

ታዲያ አሮጌ መኪና ፍሬን ሲያዝ ከፊት በኩል መንቀጥቀጥ የጀመረ እንደሆነ በግቢው ያለው ሰው ሁሉ መካኒክ ነው። ፍርዱም አንድ ዓይነት ነው፦ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ቀይረው!» ይህችን ቃል የሚናገራት ሰው ዲስኩን አላየውም፣ አልነካውም፣ አልለካውም። ግን ይናገራል። በዚህች በአንዲት ቃል የተነሣ ስንት የወገናችን ዶላር እንደ ፈሰሰ ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም የአንዲት እትዬ ጉዳይ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ጋዜጣ ላይ መውጣታቸውን ቢሰሙ ይቆጡኛል።

እትዬ 63 ዓመታቸው ነው። አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ፤ ቤተስዳ ሜሪላንድ እየሄዱ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ሌሊት ሌሊት ያስታምማሉ። መኪናቸው የ1999 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ናት። በእኛ ሰው ዘንድ ካምሪ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም። ይህችው መኪና እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ላይ ፍሬን ሲያዝ መሪዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬም መኪናዋን በቤታቸው አጠገብ ወዳለ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰዷት፤ የማን እንደሆነ እዚህ መናገር አያስፈልግም። ሁለቱን የፊት ዲስኮችና ሸራዎቹን ቀይረው 480 ዶላር ተቀበሏቸው። መኪናዋ ጸጥ አለች። አራት ወር ያህል ቆይቶ ግን መንቀጥቀጡ ተመልሶ መጣ። ዲስኩ ዋስትና ስለነበረው በነጻ ተቀየረላቸው፤ የሥራውን ግን ከፈሉ። አሁንም ጥቂት ወራት ጸጥ ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ከመስኮቱ ጀርባ የቆመው ወጣት «ዲስክ እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚጣመመው ነጂው ፍሬን ላይ ሲቆም ነው፤ አነዳድዎ ነው» አላቸው። ቀጥሎም ዲስክ፣ ካሊፐር፣ የእግር ክንዶች፣ ምኑም ምኑም ተደምሮ 1,870 ዶላር የሚል ወረቀት ጻፈላቸው። መኪናዋ ብትሸጥ ያን ያህል አታወጣም ነበር።

እኔን ያሳዘነኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። እትዬ «አነዳድዎ ነው» የተባሉትን አምነው ተቀብለዋል። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከኮምፒውተር ላይ አንብቦ ሲናገር ማን ይከራከራል? ስለዚህ አነዳዳቸውን ለማረም ተነሡ። 495 የሚባለውን ቀለበት መንገድ ተዉት። ከፊታቸው ካለው መኪና እጅግ ርቀው ስለሚሄዱ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋባቸዋል። ለሌሊት ሥራ በከተማ ውስጥ ለውስጥ ለመሄድ ከቤታቸው አንድ ሰዓት ቀድመው ይወጣሉ። ልጃቸው ደግሞ «እማዬ፣ እግርሽ መኪና አልሆነለትም፤ መንዳት ብትተዪ ይሻላል» ማለት ጀምራለች። እሳቸውም እግራቸውን መጠራጠር ይዘው ነበር። መንዳት ካቆሙ ሥራው የለም፤ በዚያ ሰዓት የሚሄድ አውቶቡስ የለም። በዱቤ ሌላ መኪና ልግዛ ብለው ያስሉት የወር ክፍያ ደግሞ ደሴ ላሉት እኅታቸው በየወሩ ከሚልኩት ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ወደ መኪናዋ እንምጣ።

በሽታ የሚታወቀው በመሣሪያ ሳይሆን መጀመሪያ በጥያቄ ነው። ለብዙ ዓመታት ታክሲ ስነዳ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ያስተማረኝም ሰው አዲስ አበባ ጣሊያን ቃሉን ትቶለት በሄደው ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ኩሽኔታን ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮንን ፍሪሲዮን እያለ እስከ ዛሬ የሚጠራ አንድ ጋሼ ነው። እትዬን እቤታቸው ቡና እየጠጣን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ፍሬን ሳይዙስ ይንቀጠቀጣል?»

«ኧረ አይንቀጠቀጥም ልጄ። ሳልረግጥ ስሄድማ ጸጥ ያለ ነው፤ ይህን ሲኒ ባስቀምጥበት አይደፋም።»

ይህ መልስ የችግሩን ግማሽ አቃለለልኝ። ፍሬን ሳይያዝ በ55 እና በ65 ማይል መካከል የሚንቀጠቀጥ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጎማው ነው፦ ባላንሱ ተዛብቷል፣ ቸርኬው ጎብጧል፣ ወይም ጎማው ራሱ አብጧል። እሱን ትቶ ፍሬን መቀየር ጥርሱን ለታመመ ሰው መነጽር እንደ መግዛት ነው።

«የሚሰማዎ የት ነው? እጅዎ ላይ ነው ወይስ መቀመጫዎ ላይ?»

«እጄ ላይ። መሪው እንደ ብርድ በሽተኛ ይሆናል።»

መሪው ላይ የሚሰማ መንቀጥቀጥ ከፊት ጎማ የሚመጣ ነው። መቀመጫና ወለል ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የኋላውን መጠርጠር ነው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ዘዴ አለ። የእጅ ፍሬኑ በእጅ የሚሳብ ከሆነ ሰው በሌለበት ሰፊ ቦታ፣ በቀስታ፣ ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭኖ ይዞ ትንሽ ትንሽ መሳብ ነው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነውና፣ በዚያ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ የፊቱ ዲስክ ያለ ኃጢአቱ ተከሷል ማለት ነው። መንገዱ እርጥብ ወይም በረዶ ሆኖ ፔዳሉ ከእግር ሥር ትር ትር የሚል ከሆነ ደግሞ ያ ኤቢኤስ የሚባለው ሥራውን መሥራቱ ነው፤ እሱ በሽታ አይደለም።

እሑድ በማለዳ መንገድ ሳይበዛ እትዬን ከጎኔ አስቀምጬ 395ን ወጣሁ። በ60 ማይል ላይ ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ ስይዝ መሪው ግራ ቀኝ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ፔዳሉም አብሮት ከእግሬ ሥር ይነፍሳል። ፍጥነቱ ወደ 35 ሲወርድ ጠፋ። እትዬ ፊቴን እያዩ «አየኸው? የአንተም እግር እንደኔ ነው?» አሉኝ። ሳቅንና አለፍን፤ ለእሳቸው ግን ከዚያ ቀን ሁሉ ትልቁ ነገር ይኼው ነበር ብዬ አስባለሁ። በእኔም እግር ተንቀጥቅጧል።

በ60 ማይል ላይ ብሶ በ35 ላይ የሚጠፋውስ ለምንድን ነው? የዚያች ካምሪ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል። 60 ማይል በሰዓት ማለት በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጎማው በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲስኩ ላይ አንድ ወፈር ያለ ቦታ ካለ ሸራዎቹ እዚያ በደረሱ ቁጥር ጠበቅ፣ ባለፉ ቁጥር ላላ ይላሉ፤ በሰከንድ 13 ጊዜ ጎማውን ወደ ኋላ ይጎትቱታል ማለት ነው። የመኪና የፊት እግር ደግሞ በጎማና በምንጭ ላይ የተንጠለጠለ ነውና የራሱ መወዛወዣ ፍጥነት አለው። ሁለቱ የተገጣጠሙ ጊዜ፣ ሕፃን በዥዋዥዌ ላይ ልክ በሰዓቱ እንደሚገፋ፣ ትንሹ ጉትቻ ትልቅ ይሆናል። ፍጥነቱ ሲወርድ አይገጣጠሙም፤ ስለዚህ ይጠፋል። ዳነ ማለት ግን አይደለም።

ቀጥሎ ማየት ያለብን ልል ነገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሕይወት ያለበት ነገር ነውና። ልል የሆነ መገጣጠሚያ ራሱ መንቀጥቀጥን ያመጣል፤ ባያመጣም ትንሹን ያጎላል። አንድ ዓይነት ዲስክ እግሩ በጠበቀ መኪና ላይ ቢገጠም ምንም ላይሰማ ይችላል፣ እግሩ በላላ መኪና ላይ ግን መሪ ያስጥላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቦል ጆይንት የሚባለው አልቆ እንደሆነ ነው። እሱ የተለየ ቀን ጎማው ከሥር ታጥፎ ይወድቃል። ስለዚህ መንቀጥቀጡን ለምጄዋለሁ ብሎ ዓመት የሚነዳ ወገን ቢያንስ ይህችን አንዷን ያስመርምር።

መኪናዋን በክሪክ አንሥተን ጠንካራ ማቆሚያ ከሥር ሰጠናት። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ካለ ይህን ጋዜጣ አጥፎ ያስቀምጥና መጀመሪያ ማቆሚያ ይግዛ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ነቀነቅነው፤ እንዲህ ሲደረግ ቅጭልጭል ካለ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘን ነቀነቅነው፤ እዚህ ላይ ከላላ አገር ቤት ቴስቲና የምንለው፣ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ነው። ሁለቱም ደህና ሆኑ። የታችኛውን ክንድ የሚይዘው የላስቲክ ቦኮላ እንደ ዕድሜው ትንሽ ተሰነጣጥቋል፤ ነገር ግን በብረት ዘንግ ፈንቅለን ስናየው አልተቀደደም። ጋራዡ ሊቀይረው የነበረው ክንድ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ጋሼ አጠገቤ ቆሞ ነው የሚያየው። እሱ ሲናገር አይቸኩልም። «አሁን ጎማውን አውልቀው» አለኝ።

ጎማው ሲወልቅ መጀመሪያ ያስቸገረን ዳዶው ነው። በቀኝ በኩል ያሉት አምስቱ ዳዶዎች እኩል አልጠበቁም። ሁለቱ በቀላሉ ፈቱ፤ አንዱን ግን ለማላቀቅ ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ መቆም ነበረብኝ። ጋራዥ ውስጥ «ጥርርርር» እያለ በአየር የሚያጠብቀውን መሣሪያ ያላየ የለም፤ ፈጣን ነው፣ ግን ሰው ልኩን ካልተቆጣጠረው እንዲህ ያደርጋል። ዳዶው ጎማውን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በዚህች መኪና ላይ ዲስኩንም ከኋላው ካለው እምብርት ጋር አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው። አንዱ ጎን ከመጠን በላይ ከተሳበ ዲስኩ በቀጥታ አይቀመጥም። ለዚያች ካምሪ ፋብሪካው ያዘዘው 76 ፉት ፓውንድ፣ በሌላው አለካክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚያሳይ መለኪያ ያለው ቁልፍ ማንም ሰው ሊገዛው ይችላል።

ካሊፐሩ ሲወልቅ ሁለተኛ ነገር ተገኘ። ካሊፐር በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያ ወዲህ መንሸራተት አለበት። የቀኙ አንደኛው ፒን ቅባቱ ደርቆ ተጣብቋል፤ ስለዚህም የውስጡ ሸራ ከውጭው ይበልጥ አልቋል። ቅባቱ አንድ ትንሽ ቱቦ ነው፤ ሁለት ጊዜ ዲስክ ሲቀየር ማንም አልቀባውም። በነገራችን ላይ ካሊፐር ሲወልቅ በላስቲክ ቱቦው አይንጠለጠልም፤ በሽቦ ከምንጩ ጋር ይታሰራል። ቱቦው ከተጎዳ ውጤቱ ከመንቀጥቀጥ የከፋ ነው።

ከዚህ በኋላ ጋሼ ከመሳቢያው ሰዓት የመሰለ፣ መርፌ ያለው መለኪያ አወጣ። ማግኔት ያለው እግሩን በመኪናው ብረት ላይ ተከለና ጫፉን የዲስኩ ፊት ላይ አስደገፈው። ዲስኩን በዳዶዎቹ አጥብቀን በእጃችን ቀስ አድርገን አዞርነው። በግራ በኩል መርፌው 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ተወዛወዘ። በቀኝ በኩል 0.14። እንዲህ ላለው መኪና የሚፈቀደው 0.05 ነው። ከዚያም በማይክሮሜትር የቀኙን ዲስክ ውፍረት ዙሪያውን ስምንት ቦታ ለካነው፤ በቀጭኑና በወፍራሙ መካከል ያለው ልዩነት 0.03 ሚሊ ሜትር ሆነ። የራስ ጠጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እትዬን ከአውራ መንገድ ያባረራቸው፣ ከልጃቸው ያጨቃጨቃቸው ነገር ግማሽ ጠጉር አይሞላም። በዓይን አይታይም፤ በጣትም አይዳሰስም። ዲስኩን አይቶ «ተጣሟል» የሚለውን ሰው የማላምነው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ዲስኩ ነው አይደል?» አልኩት።

«ቆይ» አለ ጋሼ። «ዲስኩን ወይም የተቀመጠበትን እንዴት ትለያለህ?»

የሚለየው እንዲህ ነው። መርፌው ከፍ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ዲስኩም ላይ፣ ከጀርባው ያለው ቡሎንም ላይ ምልክት ማድረግ፤ ከዚያ ዲስኩን አውጥቶ በሁለት ቡሎን አዙሮ መመለስና እንደገና መለካት። ከፍታው ከዲስኩ ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። በቦታው ከቀረ ጥፋቱ የተቀመጠበት ነው። አዞርነው፤ ለካነው። ከፍታው ከቡሎኑ ጋር ቀረ። ዲስኩ አልተንቀሳቀሰበትም።

ዲስኩን ስናወጣው፣ እዚህ አገር ሃብ የሚሉት፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት እምብርት በአንድ ወገኑ ዝገት አብቅሏል። ቅርፊት ሆኖ፣ እንደ ምጣድ ሥር ጥቀርሻ ተነባብሮ ደርቋል። እንግዲህ ሁለት ጊዜ አዲስ ዲስክ ሲገጠም የተገጠመው በዚያ ዝገት ላይ ነው። ጠማማ መደብ ላይ ቀጥ ያለ ጠረጴዛ ቢያስቀምጡት ጠረጴዛው ይዘማል፤ ሦስተኛም ጠረጴዛ ቢገዛ ያው ነው።

ይህ ዝገት የዚህ አገር ነገር ነው። አዲስ አበባ ፍሬንን የሚገድለው ቁልቁለትና አቧራ ነበር፤ ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወርድ ላዳ ሸራው ሲሸት ከሩቅ ይታወቅ ነበር። እዚህ ግን በክረምት በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይረጫል፤ ያ ጨው ከውኃው ጋር በየስንጥቁ እየገባ ብረት ይበላል። ጨው ወጥ ውስጥ እንጂ መንገድ ላይ ይፈሳል ብሎ ያሰበ ሰው ከእኛ መካከል አልነበረም።

አሁን የአራት ወሩ እንቆቅልሽም ይፈታል። አዲስ ዲስክ ሲገጠም ውፍረቱ እኩል ነው፤ ቢወዛወዝም ካሊፐሩ አብሮት ስለሚንሸራተት ለጊዜው ምንም አይሰማም። ነገር ግን ሰው ፍሬን ሳይዝ ሲሄድ፣ ያ የሚወዛወዘው ጎን በዞረ ቁጥር ሸራውን ነካ አድርጎት ያልፋል። እትዬ በአራት ወር ውስጥ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደዋል እንበል፤ ጎማው ወደ 3 ሚሊዮን ጊዜ ዞሯል ማለት ነው። 3 ሚሊዮን ጊዜ በስሱ የተነካ ብረት እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳል። ከዚያ መንቀጥቀጡ ይመጣል። ልብ በሉ፤ ዲስኩ የተበላው እትዬ ፍሬን በያዙ ጊዜ አልነበረም። ያልያዙ ጊዜ ነው! «አነዳድዎ ነው» የተባለው ነገር እውነቱን ገልብጦ የተናገረ ነው።

በሙቀት የሚመጣም መንቀጥቀጥ አለ፤ ይህንን መካድ አይገባም። በእሽቅድምድም መኪና ሥራ የታወቀው ካሮል ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ያረፈ ሰው ነው፣ ሰዎች ተጣመመ የሚሉት ዲስክ በአብዛኛው የሸራው ቅሪት ያለ እኩልነት የተለጠፈበት ዲስክ መሆኑን ጽፎ አስረድቷል። ከረጅም ቁልቁለት ወርዶ፣ ዲስኩ ግሎ፣ መብራት ላይ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ የሚቆም ሰው ሸራውን እዚያው ቦታ ላይ እንደ ማኅተም ያትመዋል። ያ ቦታ ከዚያ በኋላ ይበልጥ ይይዛል፣ ይበልጥም ይግላል፤ ሙቀቱ ከ650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሄደ ብረቱ ራሱ ጠባዩ ተለውጦ በዚያ ቦታ እየጠነከረ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መላጥም አይመልሰውም። ስለዚህ ከከባድ ፍሬን በኋላ የሚቻል ከሆነ መኪናውን ትንሽ ትንሽ እያስቀደሙ መቆም ጥሩ ነው። የእትዬ መንገድ ግን ሜዳ ነው፤ ዲስካቸውም ላይ የመቃጠል ሰማያዊ ምልክት አልነበረም።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሲያጠቃልል «ዲስክ በራሱ አይጣመምም፤ የሚያጣምመው ገጣሚው ነው» አለ። ትንሽ አጋነነው መሰለኝ፤ ግን ለዚያች መኪና ልክ ነበር።

እምብርቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ጠረግነው። መለኪያውን በራሱ ላይ ስናደርገው 0.02 ሆነ። የቀኙ ዲስክ ከሳሳ በኋላ ስለማይመለስ ሁለቱንም በአዲስ ተካናቸው፤ ዲስክ በጥንድ ነው የሚቀየር። ዲስክ ስትገዙ ዝቅተኛው የሚፈቀድ ውፍረት ራሱ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ፤ ሊላጥ ይችላል የሚላችሁ ሰው ካለ ከዚያ ቁጥር በታች እንዳይወርድ ጠይቁት። አዲሱን ዲስክ አስቀምጠን ስንለካ 0.06 አሳየ። ጋሼ አልወደደውም። በአንድ ቡሎን አዞረውና ለካ፤ 0.03። «ይኸው» አለ፣ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ፒኖቹን ቀባን፤ ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ጠብቀን ተቃራኒውን እያልን፣ በሁለት ጊዜ እስከ 76 አደረስናቸው። ከዚያም አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ ከ40 ማይል ወደ 10 ስምንት ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ሳላቆም ቀስ እያልኩ ያዝኩት።

ወጪው ዲስኮቹ 94 ዶላር፣ ሸራው 36፣ ቅባቱ፣ ብሩሹና ወረቀቱ 15፤ በድምሩ 145 ዶላር። ጋሼ የእጅ ዋጋ አልቀበልም አለ፤ እትዬ ደግሞ ዶሮ ወጥ ሠርተው ጋራዡ ድረስ አመጡለት፤ ያንን አልቀበልም አላለም።

ጋራዡን ሌባ ነው ልል አይደለም። ብዙው የዚህ አገር መካኒክ የሚከፈለው በሠራበት ሰዓት ሳይሆን በጨረሰው ሥራ ቁጥር ነው። ለዲስክ ቅየራ የተመደበለት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ እምብርት ሲጠርግና ሲለካ የሚያጠፋው ጊዜ ከራሱ ኪስ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ያወጣል፣ ዲስኩን ያስገባል፣ «ጥርርርር» ያደርጋል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የምታስገድደው የደኅንነት ምርመራም ይህን አልያዘውም፤ መኪናዋ በዚያው መንቀጥቀጥ ላይ ሆና ተለጣፊዋን አግኝታለች። እኔ የማልምረው ከመስኮቱ ጀርባ የቆመውን ልጅ ነው። አለመለካት የጊዜ እጥረት ሊሆን ይችላል። ሳይለኩ ጥፋቱን በአሮጊት እግር ላይ መለጠፍ ግን የጊዜ እጥረት አይደለም።

አንባቢ ይህን ሁሉ ራሱ ይሥራ አልልም። ግን ወደ ማንኛውም ጋራዥ ሲሄድ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ይገባቸዋል። ዲስኩ ስንት ይወዛወዛል፣ ቁጥሩን ንገሩኝ። ዲስኩ የተቀመጠበትን ጠርጋችኋል ወይ? ዳዶውን በስንት ነው የምታጠብቁት? ቁጥር የሚመልስ ሰው ለክቷል። «ተጣሟል» ብቻ የሚል ሰው አልለካም።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም ላይ ነው። ከ50 ማይል በኋላ እትዬ ተመልሰው መጡና ዳዶዎቹን እንደገና ፈተሽናቸው፤ አንዱ ትንሽ ላልቶ ነበር። ክረምቱ ካለፈ፣ ጨው ከተረጨ በኋላ በ2025 ሚያዝያ ላይ ጎማውን አውልቀን ለካን፤ ቀኙ 0.04፣ ግራው 0.03። እትዬ 495ን እንደገና ይዘዋል። ልጃቸው ስለ እግራቸው የምትለውን ትታለች፤ አሁን የምትለው ስለ ፍጥነታቸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውለው «ልጄ፣ ወደ ግራ አጥብቄ ስዞር ቋ ቋ ቋ ይላል» አሉኝ። ይኼ ሌላ ነገር ነው። ከቀኙ ጎማ ጀርባ ላስቲኩ ተቀድዶ ጥቁር ቅባት ተረጭቶ እንደሆነ በእጅ መብራት እንዲያዩልኝ ነግሬአቸዋለሁ።